አባዬ ራሱን አስመስሎ ተከሰሰ

ስሚኝማ አንቺዬ፣ ቁጭ በይ፣ የያዝሽውን ሁሉ አስቀምጪና ስሚኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማንም አልነገርኩም፣ ላንቺ ካልነገርኩ ደግሞ እፈነዳለሁ። ከተማው ውስጥ የሚወራውን እንደሰማሽ አውቃለሁ። አባትየው ስታዲየም ውስጥ አበደ፣ ጮኸ፣ ክታቡን በጥሶ ወረወረ ምናምን። ከሚወራው ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ክለቡ ነው የሞላው፣ እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ ግማሽ ነው።

አባዬን መቼም ታውቂዋለሽ፣ አሰልጣኝ ዘርይሁን። ሞላላ ኳስ፣ ያ እየወረወሩ የሚላተሙበት የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ ድሬ ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ይሄ ደግሞ ምን አይነት ጠብ ነው እያለ ሲስቅ፣ እሱ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ የሰፈር ልጆች ሰብስቦ እርስ በርስ ያላትማቸዋል። አሸዋ ላይ የወደቀ አይሰበርም ይላል። ሄልሜት የለ፣ የሞተረኞችን እየተዋሱ ነው የሚጫወቱት። ባለሞተሩ መጥቶ ሄልሜቴን ካለ ጨዋታው ይቆማል። ከዛ አዳማ ሄዶ የተከላካዮች አሰልጣኝ ሆነ፣ ከዛ ሀዋሳ ረዳት ሆነ፣ በኋላ ሊጉ ሲጠናከር የክለባችን የድሬ ግመሎች ዋና አሰልጣኝ አርገው መለሱት። ሁለት ዋንጫ አመጣ። ሁለት። ያኔ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ባጃጅ ሹፌሮች ኖላዊት ሳይሆን ዋንጫ ብለው ነበር የሚጠሩኝ።

ዋና አሰልጣኝ መሆን ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሲሸነፍ እሱ ነው የተሸነፈው። ሲያሸንፍ ልጆቹ ናቸው፣ ክለቡ ነው፣ ስፖንሰሩ ነው፣ ጸሎት ያደረገች አክስት ሳትቀር ናት። ይሄን አባዬ ራሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እዚህ ስራ ውስጥ የገባ ሰው ሻንጣውን አይፈታም ይላል።

እሺ፣ ከሁለተኛው ዋንጫ በኋላ የክለቡ ፕሬዝዳንት አቶ ምናሴ ራሱ ቤታችን መጣ። ኬክ ይዞ፣ ሚስቱን ይዞ፣ አባዬን እያቀፈ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለ። እማዬ ምሳ አቀረበች፣ ሰውየው ደግሞ ይበላል አይገልፀውም። ምሳው ሳይነሳ ታብሌት አወጣና ያው የውል ማደሻ ነው አለ። አባዬ ጣቱን አሳረፈ። አላነበበም። በኋላ ለምን አላነበብክም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ እንግዳ ቤቴ እየበላ እኔ ፊቱ ተቀምጬ ሳነብ አላመንኩህም ማለት አይደለም ወይ አለኝ። በቃ ይሄ ነው። ሌላው አለም ላይ ሰው ድምፁን በበሽታ ያጣል፣ አባዬ በይሉኝታ አጣ።

ከዛ ስቱዲዮ ወስደው ሳምንት ሙሉ ሲያናግሩት ከረሙ። ንግግሩን፣ ሳቁን፣ ሳሉን፣ ተጫዋች ሲያበላሽ ምላሱን የሚያስጮህባትን ሳትቀር ቀዱ። ደስ ብሎት ነበር እኮ የሄደው። ለታሪክ ነው አሉኝ ይል ነበር።

አምና ቡድኑ በተከታታይ ተሸነፈ፣ ደጋፊው በስልኩ ይባረር ብሎ መረጠ፣ ተባረረ። ድምፁ ግን ለክለቡ ቀረ፣ ያ ሳያነብ የፈረመው ውል እንደዛ ይላል። እስከ ውሉ መጨረሻ፣ ማለት እኔ ሀያ ሁለት አመት እስኪሞላኝ፣ ዋና አሰልጣኙ ከቀዱት ላይ ማሽን የሚያናግረው ድምፁ ነው። ተጫዋቾቹ ሄልሜታቸው ውስጥ የሚሰሙት እሱን ነው። አባዬ ቤት ቁጭ ብሎ ሽሮ እየበላ እዛ አባዬ ያዛል።

ይሄ ለሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ እኔም ያን ያህል አልደነገጥኩም፣ እውነቱን ልንገርሽ። የአዳማው አሰልጣኝ ከሞተ ስንት አመቱ ነው፣ እስካሁን ያሰለጥናል። ያውም ያሸንፋል። ባለፈው የአመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ልጁ መድረክ ላይ ወጥታ ሽልማቱን ተቀበለች፣ እሱ ደግሞ በስፒከር አመሰገነ፣ ቤተሰቤን በተለይ ባለቤቴን ምናምን አለ። ባለቤቱ ሌላ ሰው አግብታለች። ሰው አጨበጨበ።

ያልጠበቅነው ክታቡን ነው። ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነው፣ ግን አንገት ላይ ስለሚንጠለጠል ሰፈሩ ሁሉ ክታብ ነው የሚለው። አባዬ ከቤት ሲወጣ ማድረግ አለበት፣ ምክንያቱም ድምፁ ከተማ ውስጥ ከተሰማ ተጫዋቾች ይምታታባቸዋል ተባለ። ክታቡ ከአፉ የወጣውን ይዞ በቁጥር ሦስት ድምፅ ይለውጠዋል። ቁጥር ሦስት ማለት ዜና አንባቢ በይው፣ ሙልጭ ያለ፣ አንዲት ፊደል የማታመልጠው። አንድ የድሬ ሰው በዛ ድምፅ አቦ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሆድሽን ነው የሚያምሽ። ባጃጅ ውስጥ ወራጅ ሲል ሹፌሩ ዜና የጀመረ መስሎት ሬድዮኑን ይቀንሳል።

ከዚራ ሰፈር ያለችው ካፌ ውስጥ እንደሱ ድምፃቸው የቀረባቸው ሁለት ጓደኞች አሉት፣ አንዱ ዘፋኝ የነበረ፣ አንዱ የሬድዮ ጋዜጠኛ የነበረ። ሦስቱም ቁጥር ሦስት ነው የደረሳቸው። ጥላ ስር ተቀምጠው ሲከራከሩ አንድ ሰው ራሱን የሚሰድብ ነው የሚመስለው። አስተናጋጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ ያለው የቱ ነው ሲል ሦስቱም እኔ ይሉታል፣ ሆን ብለው ነው። እነሱ ይስቃሉ። እኔ ግን አንድ ቀን አባዬን ፍለጋ ሄጄ ከኋላቸው ቆሜ የቱ እንደሆነ በድምፁ መለየት ሲያቅተኝ መሳቅ አቆምኩ።

ቤት ሲገባ ግን መጀመሪያ መስኮት ይዘጋል፣ ቀጥሎ ክታቡን ያወልቃል፣ ከዛ እናንተ የፍየል መንጋ፣ ዛሬም እንዳላችሁ አላችሁ ይለናል። በራሱ ድምፅ። በዛ ሙቀት መስኮት ተዘግቶ ላባችን እየተንጠባጠበ ስንሰደብ እንዴት ደስ እንደሚለን።

ስድቡን ልብ በይልኝ፣ ነገሩ ያለው እዛ ላይ ነው። አባዬ ተጫዋች ሲመታ የሚያደርገው አንድ ነገር አለው። አጠገቡ ይሄድና ይሰድበዋል። ተጫዋቹ መልሶ ከሰደበው ጤነኛ ነው፣ ይገባል። ካልመለሰ ጭንቅላቱ ተነክቷል፣ ይወጣል። በቃ። ሀኪሞቹ ይስቁበት ነበር፣ እሱ ግን ድሬ ተወልዶ ስድብ የማይመልስ ሰው ካየህ አምቡላንስ ጥራ ይላል። ሀምዲን ለምሳሌ፣ ኳስ ወርዋሪውን፣ የጓደኛዬን የፈቲያን ወንድም፣ ከህፃንነቱ ጀምሮ ደቻቱ አሸዋ ላይ ያሳደገው እሱ ነው። ሀምዲ በተመታ ቁጥር አባዬ፣ አንተ የትናንት ሳምቡሳ፣ ይለዋል። ሀምዲ ደግሞ ከመሬት ሳይነሳ፣ ጥርስ የሌለህ ግመል፣ ይለዋል። አንቱታ የለ፣ አሰልጣኝ የለ። ድሬ ነው እኮ።

የክለቡ ስፖንሰር ግን የህፃናት ወተት ነው የሚሸጠው። እና ድምፁን አጠቡት። ከስድቦቹ አንዷም አልቀረችም። አሁን ሄልሜት ውስጥ ያለው አባዬ ጀግናዬ ነው የሚለው፣ አንበሳዬ፣ አይዞህ ልጄ። አንድ ቀን ሀምዲ ለፈቲያ፣ አሰልጣኝ ታሟል መሰለኝ፣ ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚያቆላምጠው፣ ብሏት ነበር።

እሺ፣ ወደ ቀኑ ልምጣልሽ። ግማሽ ፍፃሜ ነው፣ ከጅማ ጋር። አባዬ አልሄድም ሲል ከርሞ በመጨረሻ እኔና እሱ ሄድን፣ ከላይ፣ ፀሀዩ የሚጠብስበት ጋ ተቀመጥን። ክታቡን አርጓል። ሰው አውቆት ሰላም ይለዋል፣ እሱ በዜና አንባቢ ድምፅ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ ሰው ይሸማቀቃል። እየመራን ነው። ሀምዲ ኳሷን ሊወረውር እጁን ሲያነሳ አንድ የጅማ ሰውዬ፣ ሰውዬ ስልሽ ቁም ሳጥን በይው፣ ከጎን መጣና ጭንቅላቱን ገጨው። ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

ሀምዲ ተነሳ። ሰው ተነሳ ብሎ አጨበጨበ። እኔም ተነሳ ብዬ። አባዬ ግን አላጨበጨበም፣ ክንዴን ያዘኝ፣ ጥፍሩ እስኪገባ። ሀምዲ ወደ ጅማ ልጆች ሄዶ አብሯቸው ሊሰለፍ እኮ ነበር፣ የኛ ልጆች መለሱት። የሜዳው ስፒከር ደግሞ ሄልሜት ውስጥ የሚባለውን ለደጋፊ ያሰማል፣ ያው ለማስታወቂያ ነው፣ እና የአባዬ ድምፅ በስታዲየሙ ሙሉ፣ በርታ ጀግናዬ፣ ይቺን አንድ ብቻ፣ አለ። ሰው ጮኸ። አባዬ ተነስቶ አስወጡት አለ። በቁጥር ሦስት። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አይቶት ማስታወቂያ መስሎት ተመለሰ።

ከዛ ነው ክታቡን የበጠሰው። ወረወረው እንኳን አይባልም፣ ከእጁ ወደቀ። ወደ አጥሩ ወረደ፣ ሰው እየረገጠ፣ እኔ ከኋላ ይቅርታ ይቅርታ እያልኩ። የአባዬ ድምፅ ማይክ አይፈልግም፣ ታውቂዋለሽ።

"ወሪያ ሀምዲ፣ አንተ የትናንት ሳምቡሳ፣ እዛ ምን ይገትርሃል?"

አንቺዬ፣ ስታዲየሙ እንዴት እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም። ስፒከሩ ውስጥ ያው ሰውዬ ጀግናዬ ይላል፣ አጥሩ ጋ ያው ሰውዬ ይሳደባል። ሰው አንገቱን የሚያዞርበት ጠፋው። ሀምዲ ወደኛ ዞረ። አየን። እኔ በሆዴ በለው፣ ጥርስ የሌለህ ግመል በለው እላለሁ። ዝም። እንደ ህፃን ፈገግ አለ ብቻ።

ጉታ የሚባለው ግዙፉ፣ ከፊት የሚከላከለው፣ እሱም የደቻቱ ልጅ ነው። ሄልሜቱን አወለቀና ሀምዲ ፊት ቆመ።

"መልስለት እንጂ" አለው።

ሀምዲ ዝም። ጉታ ሌላ ነገር አልጠበቀም፣ እንደ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለውና ይዞት ወጣ። ሄልሜቱ ሳሩ ላይ ተንጋሎ ቁጭ ብሎ የአባዬ ድምፅ ከውስጡ፣ ጉታ ልጄ ወደ ቦታህ ተመለስ፣ ይለው ነበር አሉ።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ሀኪሙ ሌላ አንድ ግጭት ቢጨመር ኖሮ ብሎ አልጨረሰውም። ያንኑ ቀን ሐረር ወሰዱት፣ እናቱና ፈቲያ አብረው ሄዱ። ቡድኑ ያለ ሀምዲም አሸንፎ ለፍፃሜ አለፈ።

አሁን ስሚ። በማግስቱ ክለቡ ቪድዮ ለቀቀ። ሀምዲ ሲገጭ፣ ሲነሳ፣ ከዛ የአባዬ ድምፅ፣ ውጣ ልጄ፣ ጤናህ ይቀድማል፣ ሲል። ጉታ ይዞት ሲወጣ። ከታች ወተቱ። ዋና አሰልጣኛችን ልጆቹን እንደ አይኑ ብሌን ይጠብቃል የሚል ፅሁፍ። ሀያ ሺህ ሰው ባለበት እኮ ነው የተሰደበው። እዛ የነበረ ሰው ራሱ ቪድዮውን አይቶ፣ እውነትም ውጣ ልጄ ያለ መሰለኝ ማለት ጀመረ። የጎረቤታችን ልጅ ፊት ለፊቴ እንደዛ አለኝ፣ እኔ አባዬ አጠገብ ነበርኩ እኮ።

ያው ቪድዮ በተለቀቀበት ሳምንት አባዬ ተከሰሰ። ክሱን ልንገርሽ፣ የዋና አሰልጣኙን ድምፅ አስመስሎ በመናገር። ራሱን። አስመስሎ።

ችሎቱ ላይ ዳኛዋ ሴት ናት፣ ደግ የምትመስል፣ ውሃ ይፈልጋሉ ወይ ምናምን የምትል። አቶ ምናሴም መጥቷል፣ አባዬን እንደ ድሮው አቀፈው፣ አባዬም፣ ልትገድይው ነው አይደል፣ መልሶ አቀፈው። ሰው ፊት እጁን የዘረጋን ሰው እንዴት እገፋለሁ አለኝ በኋላ። ከዛ የድምፅ ምርመራ ተባለ። አባዬን አንድ አረፍተ ነገር ደጋግመው አናገሩት። አመት ሙሉ በክታብ የኖረ ጉሮሮ፣ መስኮት ዘግቶ የሚያንሾካሹክ፣ ያውም በዛ ቀን ጩኸት የሻከረ። ማሽኑ ከዋናው ጋር ሰባ ምናምን በመቶ ይመሳሰላል አለ። ዋናው የሚሉት ስቱዲዮ የተቀዳውን ነው። የክለቡ ጠበቃ ተነስቶ፣ እንግዲህ እንደምታዩት ጥሩ ማስመሰል ነው፣ ግን ማስመሰል ነው አለ። ማንም አልሳቀም። እኔ ይስቃሉ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

እጄን አወጣሁ። እማዬ ቀሚሴን ትጎትተኛለች። ዳኛዋ ፈቀደችልኝ።

"ሀምዲን ያስወጣው ማነው?" አልኩ።

ጠበቃው፣ "የዋና አሰልጣኙ ድምፅ ነው፣ ቪድዮው ላይ አለ" አለ።

"ድምፁ የማነው?"

"የክለቡ።"

"ታዲያ አባዬ ምን አርጎ ነው የተከሰሰው?"

"ያንን ድምፅ ያለ ፈቃድ ስለተጠቀመ።"

"ስለዚህ ያስወጣው አባዬ ነዋ።"

"አይደለም፣ እሱ ያስመሰለ ነው።"

ዳኛዋ ጥያቄሽ ተመዝግቧል ልጄ አለችኝ፣ በጣም በትህትና። እኔ ክፍል ውስጥ ሂሳብ ሳይገባኝ ሲቀር እንኳን እንደዛ ሞኝ ነኝ ብዬ አላውቅም። ጉታ ሊመሰክር መጥቶ ነበር፣ ሰማሁ፣ አሰልጣኝ ሲሰድበው ሰማሁ አለ። ጠበቃው፣ ሄልሜትህን ያወለቅከው ከዛ በኋላ ነው፣ ስለዚህ በጆሮህ የነበረው የክለቡ ድምፅ ነው አለው። ጉታ ያን የሚያክል ሰውዬ እጁን እያየ ወረደ። ሀምዲ ደግሞ ከመጋጨቱ በፊት ያለውን እንጂ ሌላ የሚያስታውሰው የለም።

ፍርዱ ክታቡ አይወልቅም ነው። ቤትም ውስጥ። አሁን ያሰሩለት ቁልፍ አለው፣ ሲተኛም ሲታጠብም አለ። ክታቡ ከመቆለፉ በፊት ትንሽ ጊዜ ሰጡት፣ ለቤተሰብ የሚሉት ካለ ብለው፣ ሞት የተፈረደበት ይመስል። እኔ ትልቅ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አባዬ ወደ ጠበቃው አየ፣ ወደ አቶ ምናሴ አየ፣ ከዛ ወደኔ ዞሮ፣

"እንዲህ ነው መከራከር፣ አንቺ ምላሳም" አለኝ።

ከዛ ክታቡን ቆለፉበት።

ቤት ስንገባ እማዬ ከልማድ መስኮቱን ዘጋች። አባዬ ሄዶ ከፈተው። ተቀመጠ። ምግብ ሲቀርብ በእጁ ያመሰግናል፣ ስንጠይቀው በአይኑ ይመልሳል። በዛ ድምፅ ስማችንን አይጠራም፣ ገብቶኛል፣ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። ካፌም መሄድ ትቷል፣ ሁለቱ ጓደኞቹ መጥተው በአንድ ድምፅ ሲለምኑት ትከሻቸውን መታ መታ አርጎ ሸኛቸው። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከቶታል። እማዬ ሰላሳ አመት ሙሉ ዝም በል ስትለው የኖረች ሴት ትዳሯን ያፈረሱባት ነው የሚመስላት፣ ወጥ ቤት ገብታ ራሷን በራሷ ትሰድባለች፣ እሱ እንዲመልስላት። አይመልስም። አንቺዬ፣ የድሬ ሰው ተሰድቦ አይመልስም። እኔ ምን ልጥራ፣ አምቡላንስ?

የሚያናድደኝ ደግሞ ፍፃሜው በዚህ ሳምንት ነው፣ ከተማው ሁሉ ባንዲራ ሰቅሏል፣ ታይዋን ገበያ መግቢያ ላይ ያለው ትልቁ ስክሪን ውስጥ አባዬ ቀኑን ሙሉ እየሳቀ ያወራል። ዳቦ ልገዛ ስሄድ በስሩ አልፋለሁ። ሰው አባትሽ ዛሬ ጥሩ ተናገረ ይለኛል። ምን ልበል? አመሰግናለሁ እላለሁ። ታዲያ ምን ልበል።

ዛሬ በቃ ታፈንኩ፣ ለፈቲያ ፃፍኩላት። ሐረር ሀምዲ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ምን አስጨንቃታለሁ ብዬ እስካሁን ትቼያት ነበር። አባዬ ከችሎቱ ወዲህ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም፣ ስልኩንም አይነካም፣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ አልኳት። ወዲያው መለሰችልኝ። ያለችውን አንዲት ቃል ሳልነካ ላንብብልሽ፦

"ኖሊዬ ምን እያልሽ ነው፣ አልገባኝም። አባትሽ እኮ በየማታው እዚህ ይደውላል፣ በራሱ ድምፅ፣ ሀምዲን አንበሳዬ እያለ ሲያጫውተው ያመሻል፣ እማዬም ስልኩን ተቀብላ ትመርቀዋለች። አባትሽ ለፍፃሜው ትደርስልኛለህ ስላለው ሀምዲ፣ ሀኪሙ ተኛ እያለው፣ ዛሬ ጠዋት ጫማውን አስሯል። ትናንት ደግሞ አባትሽ ስላንቺ ጠየቀኝ፣ ደህና ናት አልኩት።"